የበቀለ መኪና አራተኛ እግር

ኅዳር ፲፭፣ ጠዋት

ዶሮዎቹን ከመኪናዋ አስወጣሁ። ዛሬም የኋላ ወንበር ላይ እንቁላል። አንቺ ደብተር፣ ሌላው ሰው መኪና ሲኖረው ይነዳል፤ እኔ እንቁላል እለቅማለሁ።

ቤቱን ያከራዩኝ ባላምባራስ ታደሰ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። መኪናዋ ከጥምቀት በፊት ግቢዬን ትልቀቅልኝ አሉ። አለዚያ ለቀጥቃጭ ሰጥተው ዶማና ማረሻ ያስደርጓታል። ጣልያን ጥሎት የሄደ ቆርቆሮ ነው ይላሉ። ይበሉ። ወንድሜ በቀለ ሲሞት የተወልኝ እሷን ብቻ ነው። እኔ በዕድሜዬ ከዶሮ በቀር የኔ የምለው ኖሮኝ አያውቅም።

መካኒኩ ሁሴን ከሮቤ መጥቶ አያት። ሞተሩ ይነሳል፣ ችግሩ እግሯ ነው አለ። ካራቱ አንዱ ቸርኬ የለም፤ ጎማውን የሚለብሰው ብረት ማለት ነው። በቦታው ድንጋይ ተደግፏል። የት ሄደ? እኔ ምን አውቄ።

ኅዳር ፳፪

ሮቤ ገበያ ዋልኩ። ሻጩ ቀዳዳው ስንት ነው ይለኛል። የምን ቀዳዳ? የፊት ነው የኋላ ይለኛል። አራቱም አንድ አይደሉም እንዴ? አንዱ ይሄ ይገጥማል አለ። ጎረቤቱ ፈጽሞ አይገጥምም አለ። ሦስተኛው ባልሽን ላኪው አለኝ። ባል ከየት አምጥቼ ልላክ? ደህና መስሎ የታየኝን ገዝቼ በጭነት መኪና ላይ ጎባ ተመለስኩ።

ሁሴን አይቶ ሳቀ። የሸመትኩት የትልቅ ጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ከኔዋ አጠገብ ሲቆም በሬ ከጥጃ ጋር።

ታኅሣሥ ፩

ጉድ ነው፣ ደብተሬ። ቅዳሴ አልቆ ከቤ/ክ ስወጣ ደወሉን ቀና ብዬ አየሁ። ደወላችን ወይራው ላይ የተሰቀለ ብረት ነው፣ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዛሬ ቀዳዳዎቹ ታዩኝ። ቆጠርኩ። ቤት ሄጄ የመኪናዋን ቆጠርኩ። ተመልሼ ደግሞ ቆጠርኩ። ያው ነው። ቸርኬ ፍለጋ ሮቤ ስንከራተት ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር!

መምሬ ወልዴን ጠየቅኋቸው። የበቀለ ስለት ነው አሉ። የዲንሾን ቁልቁለት በጭቃ ሲወርድ መኪናዋ ተንሸራታ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመችለት። ከተረፍኩ ካራቱ እግሯ አንዱን ብሎ ተሳለ። ቤት እንደገባ ነቅሎ ሰጠ። ሌላ እገዛለሁ ሲል ሲል ሞተ። ለኔ ትንፍሽ አላለም። ልቆጣው ብል የለም።

መልሱልኝ ይባላል? ስለት ይመለሳል? ግን አልኩት። መምሬ ወደ ደወሉ ቀና አሉ።

«ስለቱ የበቀለ ነው የሺ፣ አንቺ አትፈቺውም። እንደሱ የሚሰማ ብረት ብታመጪ ግን... ያው ደወል ነው። እኔ ምን እላለሁ።»

ኃጢአት ነው አይደለም? እሳቸውም እርግጠኛ አልመሰሉኝም።

ታኅሣሥ ፲፪

ያን የጭነት መኪና ቸርኬ በመዶሻ ስደበድብ ዋልኩ። ቀረብ ስል ድምፁ ያምራል። ራቅ ስል ድስት ይመስለኛል። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ሁሴን ሞተሩን አስነሳ! ጢሱ ግቢውን ሞላ። ባላ. ታደሰ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡ፤ ጥምቀት እየደረሰ ነው ብለው ገቡ።

ቸርኬውን ቤ/ክ ድረስ ማን ይሸከምልኛል ስል ሁሴን እኔ አለ። «ወላሂ አዴ የሺ፣ አደርስልሻለሁ። ሲጠራኝ ግን አልመጣም።»

ጥር ፯፣ ከቀትር በኋላ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን አትዪ።

ሁሴን የኔን ብረት ከወንድሜ ብረት አጠገብ ሰቀለው። መምሬ መምቻውን ሰጡኝ፣ ራስሽ ለዪ አሉ። አንዱን መታሁ። ሌላውን መታሁ። አልለየልኝም። ደገምኩ። ደጋገምኩ። ደወል ያለ ሰዓቱ ከተመታ እሳት ወይ ሌባ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጎባ ውስጥ የለም። እኔም አውቃለሁ። ረሳሁት! መምሬም ረሱት።

ሰው ጎረፈ። ውሃ በእንስራ፣ ዱላ፣ መጥረቢያ። የት ነው የተቃጠለው? ማን ሞተ? ምን ልበል? ቸርኬ እየመረጥኩ ነው አልኩ። አንድ ሽማግሌ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ባል የምትመርጪ መስሎኝ ነበር አሉኝ።

መምሬ ከወንዝ ማዶ የመጡትን የትኛውን ሰማችሁ አሏቸው። ቀጭኑን አሉ፣ አንዱን ብቻ። የበቀለን። የኔ ወንዙን አልተሻገረም።

አልወስደውም አልኩ። እነዚያ ሰዎች ነገ እሳት ቢነሳ በምን ይሰማሉ? ወዲያው ደግሞ ቀጥቃጩ ታወሰኝ፣ እንባዬ መጣ። መምሬ አዩኝና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ከመጣችሁ አይቀር የዚችን ሴት መኪና ከግቢ አውጡላት።»

ወንዶቹ እግር የሌለውን ጎኗን በግንድ ተሸከሙ፣ ሌላው ከኋላ ገፋ። ሁሴንም ግንዱ ሥር ነው፣ መሪ የሚይዝ ጠፋ። እኔን አስገቡኝ። ሁሴን «ገረ ሚርጋ! አዴ፣ ገረ ሚርጋ!» ይላል፣ ቀኝ ቀኝ ማለቱ ነው። ኦሮምኛ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? እጄ ግን ወደ ግራ ሄደ። የባላ. ታደሰ አጥር ግማሹ ተኛ። እሳቸው ቆመው አዩ። መኪናዋ አሁን መንገዱ ማዶ፣ የሁሴን እኅት ደጅ ናት።

ጥር ፰

ሁሴን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር የቀዳዳውን ቁጥር ነግሮልኛል። ይገኝ አይገኝ እንጃ። እስከዚያ የሚነዳልሽ ሰው ላፈላልግ አለኝ።

እምቢ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ትናንት መሪውን ስይዝ ፈርቼ ነበር፣ ግን ውረጂ ሲሉኝ መውረድ አልፈለግኩም። እኔው እነዳታለሁ። ፍሪስዮን የሚሉት በየትኛው እግር እንደሚረገጥ እንኳ አላውቅም። ሁሴን ያሳየኛል። ዶሮዎቹን ላብላና አሁኑኑ እሄዳለሁ፣ ሰው ሳይበዛ ገብቼ መሪውን እለማመዳለሁ።