ማር የመሰለ ዘይት

የካ፣ ታኅሣሥ 1982 ዓ.ም.

ውድ ነጅመዲን፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም። በሕይወት መኖርህን ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁና ምን እንደተባልኩ ቦታው ሲደርስ እነግርሃለሁ። «ውድ» ያልኩህም ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲያ ስለሚባል ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ያገባኸኝ ሰሞን የየካ ሴቶች «ባልሽ መኪና አያያዝ ያውቃል» ሲሉኝ እኮራ ነበር። እውነታቸውንም ነው። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ መኪናዋ በር ላይ ቆማ ዘይቷን አትለካም። «ዘንበል ብላ የቆመች መኪና ትዋሻለች» ትላለህ። ስለዚህ ቁርስ ሳትቀምስ፣ ከአጎትህ የወረስካትን ያቺን ኤንትሬ የጭነት መኪና ቁልቁል ይዘሃት ትወርድና ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ታቆማታለህ። ሞተሩን አጥፍተህ ዘይቱ ወደ ሥር እስኪወርድ ትጠብቃለህ። እኔ ሻይህን በፔርሙስ፣ ቂጣህን በጨርቅ ይዤ እከተልሃለሁ። መለኪያውን ዘንግ ትመዝዘዋለህ፣ ታብሰዋለህ፣ መልሰህ ትከትተዋለህ፣ እንደገና ትመዝዘዋለህ። ዘይቱ በሁለቱ ጭረቶች መካከል ከሆነ ፊትህ ይፈታል። ያኔ ነው ወደ እኔ ዞረህ «አደርሽ?» የምትለኝ።

እኔንም ያስተማርከኝ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ሲጎድል ብረት ብረትን ይበላል። ሲበዛ ደግሞ ይጎዳል ብለው ብዙዎች አያምኑም፤ አረፋ ይሠራና መውጫ ሲያጣ ይቃጠላል፣ መኪናዋም ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። እየቀለድክ ትጠይቀኝና ስመልስ «ጎበዝ!» ትለኛለህ። እኔ ዘይቱን ወድጄ አልነበረም የተማርኩት። ከቁርስ በፊት የምታናግረኝ ስለ ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው።

ልጃችን ዘይቱና የተወለደች ሰሞን እናቴ የላከችልኝን ነጭ የሕፃን መታቀፊያ ቀደህ የዘንግ ማበሻ አደረግከው። ስጮህብህ፣ «ነጭ ካልሆነ የዘይቱ ቀለም አይታይም እኮ፣ ዘሙሩድ» አልከኝ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው ኮስተር ብለህ። ሳቅሁ። ያኔ ብዙ ነገር ያስቀኝ ነበር። ለመኪናዋ ስም እንኳ አላወጣህላትም፤ «እሷ» ነበር የምትላት። «እሷ ዛሬ ከብዷታል።» «እሷን አይቻት ልምጣና እበላለሁ።» እናትህ ወይዘሮ መብሩካ አንድ ቀን ልብስ እያጠብን፣ «ምራቴ፣ ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» ብለውኝ ሁለታችንም እስክናለቅስ ስቀናል።

ጉደታን አልረሳኸውም መቼም። እንዳንተው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ አጣና የሚያወርደው፣ ከታች ያለው ጎረቤታችን። እሱ ዘይት የሚጨምረው ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምር ነበር። ሹፌሮቹ መኪናው ሳይታይ ጭሱን አይተው «ጉደታ መጣ» ይላሉ። በ1979 ክረምቱ እንደወጣ፣ አሸዋ ጭኖ የእንጦጦ ማርያምን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለበት። ልትጎትተው ሄድክ። ዘንጉን ስትመዝዘው ጫፉ እንኳ አልረጠበም። በሰው ፊት ጮህክበት፦

«አንተ ሰው ነህ? አፍ የሌላትን ገደልካት እኮ!»

«ነጅሙ፣ ብረት እኮ ነው» አለህ ጉደታ። «እኔ አልሞትኩም።»

ይህን የነገረኝ እሱ ነው። አንተ ቤት ገብተህ እራትህን ሳትበላ ነው ያደርከው። ሰው የሞተብህ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ትእዛዙ መጣ። የጭነት መኪና ያለው ሁሉ ላምበረት ሜዳ ላይ እንዲቀርብ፤ ደህና ደህናዎቹ ተመርጠው ከነሹፌሮቻቸው ለሰሜኑ ጦር ስንቅና ጥይት እንዲያመላልሱ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በሚባልበት ጊዜ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የአንዲቱ ጎረቤታችን ወንድም ከዚያ መንገድ አልተመለሰም። የሌላዋ ባል ሁለት እጁን ጥሎ ተመልሷል። ይህን ሁሉ አንተም ታውቃለህ።

በዋዜማው፣ ከአስር ሰላት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሜዳው ላይ ወረድኩ። ከመኪናዋ ሥር ተኝተህ ነበር። እግርህን ነካ አደረግሁና ወጣህ።

«ነጅሙ፣ ዘይቱን አብዝተህ ሙላባት።»

«ምን?»

«ከላይኛው ጭረት አሳልፈህ ሙላው። ነገ ሲያስነሷት ትጨስባቸዋለች። የታመመች መኪና ይዘው አይሄዱም። ሲመልሱህ ትቀንሰዋለህ፣ ምንም አትሆንም።»

እጅህን ጠረግህ።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

«ልጅ አለችህ። እናትህ ታማሚ ናቸው። ከዚያ በደህና የተመለሰ ሹፌር ካለ ስሙን ንገረኝ።»

«ቢታወቅብኝስ? አሻጥር ነው ብለው ይረሽኑኛል።»

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ፣ ነጅመዲን፣ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። ፈርቶ ነው እላለሁ፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? አንተ ግን ትንሽ አሰብክና ፈገግ ሳትል፣ ሳትቆጣም፣ እንዲህ አልከኝ፦ «ባይታወቅም አላደርገውም። እጄ እሺ አይለኝም። እሷን አላሳምማትም።»

በማግስቱ ምሳ ቋጥሬ፣ ዘይቱናን አዝዬ ላምበረት መጣሁ። መኪናው ተደርድሮ ሜዳው ጠቧል። የሚመረምረው ሃምሳ አለቃ ሣህሌ የሚሉት ሽበታም መካኒክ ነበር። ካንተ ፊት የቆመውን መኪና ዘንግ ሲመዝዝ ሬንጅ የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ። «ይሄ ሬሳ ነው፣ ወስደህ ቅበረው!» ብሎ ሰደበው። ሰውየው ስድቡን ተቀብሎ፣ መኪናውን አዙሮ፣ ያዘነ ለመምሰል እንኳ ሳይሞክር ወደ ሚስቱ ሄደ። እንዴት እንደቀናሁ!

ያንተ ተራ ደረሰ። ሣህሌ ዘንጉን መዘዘና ወደ ፀሐይ አዞረው። ከዘይቱ በጣቱ ነካ አድርጎ አሻሸው፣ አሸተተው። ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ።

«ኑ እዩ! ማር የመሰለ ዘይት! መኪና እንዲህ ነው የሚያዘው!»

ትከሻህን መታ መታ አደረገህ። አንተም ፈገግ አልክ።

ብዙ ነገር ረስቼልሃለሁ፣ ያቺን ፈገግታ ግን መርሳት አቃተኝ። ልጅህን አዝዬ ከአንተ ጥቂት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። እኔ ሞት ሲመርጥህ አያለሁ፣ አንተ ሽልማት የተሰጠህ ይመስል ፊትህ በርቷል። ምሳህን ተቀብለህ ዘይቱናን ሳምካት። «ጥሩንባ!» ስትልህ ጋቢና አውጥተህ አስነፋሃት፤ እስከ ቤት ድረስ እየደጋገመች «ጡጡ» ስትል ሄደች። እኔ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ሄድኩ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ደብዳቤ ትልክ ነበር። ስለ አቧራው፣ ዘይት ስለመጥፋቱ፣ አንድ ጀሪካን አግኝተህ ትራስህ አድርገህ ስለመተኛትህ። ዘይቱና ሳል ጸንቶባት ሆስፒታል መግባቷን ጽፌልህ ስትመልስ፣ «አላህ ይማራት» ብለህ ወደ ጎማ ዞርክ። ከመጋቢት 1980 በኋላ ያም ቀረ። ከረን ማዶ ጦሩ እንደተበተነ በሹክሹክታ ተወራ። ቀበሌ ስሄድ «ትጠብቂያለሽ» አሉኝ። ጠበቅሁ። ልብስ እያጠብኩ፣ ሻሽ እየጠለፍኩ፣ እናትህን እያስታመምኩ ጠበቅሁ።

ወይዘሮ መብሩካ ባለፈው ክረምት ወደ አኼራ ሄደዋል። ከዚህ ደብዳቤ የምትሰማው ከሆነ አላህ ያጥናህ። በመጨረሻው ሰሞን አእምሯቸው ይሄድ ይመጣ ነበር፤ ሲሄድ እኔን «ነጅሙ» እያሉ ይጠሩኛል። እኔም «አቤት» እላለሁ። ምን ላድርግ? ዝናብ እየዘነበ ጀናዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ጉደታ ነው። ክርስቲያን ነው ብሎ የከለከለው የለም። እሱ መኪናው ከሞተች ወዲህ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ በቀን ሥራ ይኖራል፤ ልብሱ ሁልጊዜ ሰጋቱራ ነው። ጠዋት ጠዋት የራሱን ልጅና ዘይቱናን ግራና ቀኝ ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ያ ሰው አይደለህም ያልከው ሰው።

በጥቅምት አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ቤቴን ጠይቆ መጣ። ሙክታር ነኝ አለኝ፤ ካንተ ጋር በአንድ ሰልፍ ሲነዳ የነበረው የደሴው ልጅ። በኋላ እግሩ ቆስሎ ነው የተሰናበተው። አረፍ በል ብዬ ውኃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ብርጭቆውን እጁ ላይ ሲያዞር ቆየ።

«እህቴ፣ ሞቷል ብዬሽ ብሄድ ሳይሻል አይቀርም» አለኝ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድሜ።»

ነገረኝ። መንገዱ ተዘግቶ ከነመኪናችሁ በአማፂዎቹ ተያዛችሁ። በማግስቱ አውሮፕላን መጥቶ ሲደበድብ የያዟችሁ ሰዎች ተበታተኑ፤ ሜዳው ለእናንተ ቀረ። ሹፌሮቹ በእግር ወደ ከረን ለመሄድ ተነሱ።

«ነጅሙን ልጠራው ሄድኩ» አለ ሙክታር። «ከመኪናዋ ሥር ነበር። ፍንጣሪ የዘይት ቋቷን በስቶት፣ ሳሙና አላቁጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። ተነስ እንሂድ አልኩት። "ትቻት ብሄድ የማያውቅ ሰው መጥቶ ያለ ዘይት ያስነሳታል፤ አንድ ኪሎ ሜትር አትሄድም" አለኝ። አብደሃል ወይ፣ ልጅህስ? አልኩት።»

እዚህ ላይ ምርኩዙን ወደ ራሱ ሳበ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«"ዘሙሩድ አለቻት" አለኝ።»

ሙክታር ሲሄድ እስከ በር ሸኘሁት። ምርኩዙ ጭቃው ላይ እየሰጠመ ሲወርድ አየሁት። በዚያ እግሩ ያን ዳገት የወጣው እውነቱን ሊነግረኝ ነው። በኋላም አስመራ ሆስፒታል ውስጥ ከዚያ ያመለጠ ሌላ ሹፌር አግኝቶ ነበር፤ አንተ ደህና እንደሆንክ፣ ለእነዚያ ሰዎች እህል እንደምታመላልስ፣ መኪናዋም እንደምትሠራ ነግሮታል። የሚከለክልህ ጠባቂ ነበረ ቢለኝ፣ ታስሮ ነበር ቢለኝ፣ እግርህ ተሰብሮ ነበር ቢለኝ ዕድሜዬን ሙሉ እጠብቅህ ነበር።

«ዘሙሩድ አለቻት።» ልክ ነህ፣ አለኋት። እናትህም ዘሙሩድ ነበረቻቸው። ካንተ ሌላ ሰው ያልነበራት እሷ፣ መኪናህ፣ ብቻ ናት።

በኅዳር ቃዲው ዘንድ ሄድኩ። ሙክታር ሞቷል በይ ብሎ መክሮኝ ነበር፤ ማንም አይጠይቅሽም፣ በቀበሌም የከዳ ሰው ሚስት አትባይም ብሎ። ቀበሌ ላይ አላውቅም ብያለሁ። ቃዲው ፊት ግን መዋሸት አልሆነልኝም።

«ልጄ፣ ሞቷል ነው የምትዪው ወይስ ጠፍቷል?» አሉኝ።

«በሕይወት አለ፣ ሸኽ። መምጣት የሚችልበት ቀን ነበር። አልመጣም።»

ሙክታር መሰከረ። ቃዲው ቃሉን መዝግበው ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚያገባሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

«የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ወደ በር እሮጣለሁ» አልኳቸው። «አሁን ልጄም መሮጥ ጀምራለች። እሷን ላስቆማት ብዬ ነው።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። በሌላ ቀጠሮ ኒካሁን አፈረሱት። ስለዚህ ይህን የምትሰማው ከሚስትህ አይደለም። ደብዳቤውን ሱዳን ድረስ፣ ካሰላ የሚመላለስ የሙክታር አጎት ይወስደዋል፤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ብቻ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

አንድ ቀን ጦርነቱ ያልቅና ትመጣ ይሆናል። ስትመጣ በቀጥታ በሬን አታንኳኳ። ጉደታ ቤት እረፍና እሱ ይላክብኝ። ዘይቱናን አሰናድቼ፣ ፀጉሯን ጎንጉኜ እልካታለሁ፤ አባቷን ማየት መብቷ ነው። ለምን እንዳልመጣህ ስትጠይቅህ ራስህ ንገራት። እስከዛሬ እኔ ምንም አልነገርኳትም።

አላህ ይጠብቅህ። ይህን ደግሞ እንዲያው ስለሚባል ብዬ አልጻፍኩትም።

የዘይቱና እናት፣
ዘሙሩድ