ጾመኛ አፍንጫና የቅርንፉዱ ሻማ

ይድረስ ለአባቴ ለመምሬ ሐዲስ፤ ተጉለት።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ለመቆም ይፈቅድልዎታል ወይ? የእማማ ዓይን ተሻላት? ወንድሜ ሙሉብርሃን፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ ደህና ናችሁ? እኔና ልጄ አረጋሽ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ጤና ነን። የአዳማን ሙቀት ለምደነዋል፤ ናፍቆታችሁን ነው መልመድ ያቃተን።

በየካቲት የላኩልኝ ወረቀት በነጋዴዎች እጅ ደርሶኛል። የአረጋሽ አባት ከሞተ ሁለት ዓመት ሞላው፤ እስከ ሰኔ ራስሽን ካልቻልሽ ተመለሺ፣ ለአቶ አብተው እሰጥሻለሁ ብለው ቆርጠው ጽፈውልኛል። አልተቆጣሁም፤ አባት ነዎትና ልጄ በሰው አገር ተቸገረች ብለው ቢሰጉ ይገባዎታል። አቶ አብተውንም አልነቅፍም፣ ጢማቸው ብቻ ያስፈራኛል። መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ሥራዬ ራሱ ይመልስ ብዬ ነበር፤ አሁን መልሷል።

ሥራዬ ሻማ ነው። እርስዎ ያስተማሩኝ ጧፍ ሳይሆን፣ ሰሙን አቅልጬ ከአዋሽ ዳር በሚመጣ ሸምበቆ ውስጥ የማፈስሰው ወፍራም ሻማ ነው። ሰሙን የማገኘው ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ ነው፤ የጠጁ ሽታ እስኪለቀው ሦስት ጊዜ በውሃ እያፈላሁ በሻሽ አጠልለዋለሁ። ጾሙ እንደ ገባ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሆቴል ያላት፣ ሁላችንም ማዳም የምንላት ግሪካዊት አስጠራችኝ። ለእንግዶቼ ክፍል ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ሻማ ሥሪልኝ፣ ትንኝም ያባርርልኛል፤ ደስ ካለኝ ዓመቱን ሙሉ ካንቺ ነው የምወስደው አለችኝ። የቅርንፉዱን ዘይት ጎረቤቴ ዘሃራ በብልቃጥ በብልቃጥ ከጅቡቲ በባቡር ታስመጣለች። ቅመም ነጋዴ ናት፤ እጇም ምላሷም ፈጣን ነው።

የመጀመሪያውን ሃያ ሻማ ስሠራ ዘይቱን ጠብ እያደረግሁ፣ እያሸተትሁ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው ብዬ ስረካ ተውሁት። ማዳም በማግስቱ መልሳ ላከችው፤ ሰም ሰም ከማለት በቀር ምንም የለውም አለች። አፍሬ ሁለተኛውን በጥንቃቄ ሠራሁ፤ አሁንም አፍንጫዬ በቃ እስኪለኝ ጨመርሁ። ያኛው ደግሞ አንዱን የባቡር እንግዳ ራሱን ፈልጦት ሻማውን በመስኮት ወረወረው። ማዳም ተቆጣች። አንዱ ውሃ፣ አንዱ እሳት የሆነ ሻማ አልገዛም፤ በሦስት የተለያየ ቀን ሠርተሽ ሦስቱም እኩል የሚሸቱ ሻማዎች ለግንቦት ልደታ ካላመጣሽልኝ ከጅቡቲ አስመጣለሁ ብላ ቁርጤን ነገረችኝ። እቤቴ ገብቼ አለቀስሁ፤ የአቶ አብተው ጢም ዓይኔ ላይ ይዞርብኝ ጀመር።

ከዚያ ተነሥቼ ዘሃራ ዘንድ ሄድሁና ዘይትሽ የተበረዘ ነው ብዬ ተጣላኋት። እሷ ግን ሳትቀየም የመጀመሪያውን በስንት ሰዓት ሠራሽው ብላ ጠየቀችኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት፣ ምንም ሳልቀምስ አልኋት። ሁለተኛውንስ አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሽሮዬን ከበላሁ በኋላ አልኋት፤ ነጭ ሽንኩርትም በዝቶበት ነበር። ይህን ጊዜ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ የተራበ አፍንጫ ጠብታዋን ባሕር ያደርጋታል፣ የጠገበ ደግሞ ይተኛል፤ እኛ በረመዳን ጀንበር ሳትጠልቅ ሽቶ አንመርጥም፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ አለችኝ። አባቴ፣ ጾም ልብን ያጠራል ሲሉ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ አፍንጫንም እንደሚያጠራ ግን አልነገሩኝም።

ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬን ከሥራው ሻርሁት። ሰሙን በዘሃራ ሚዛን እመዝናለሁ። ለአንድ ነጥር ሰም ዘይቱን በብልቃጡ ክዳን ሦስት ሙሉ አደርጋለሁ፤ እንዳይምታታብኝም ለየክዳኑ አንድ ጠጠር አስቀምጣለሁ። ዘይቱ የሚገባው ድስቱ ከእሳት ወርዶ ሰሙ ዳር ዳሩን ነጣ ማለት ሲጀምር ነው፤ እየፈላ ከጨመሩት ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የረጋውም ሰባት ቀን በሣጥን ተከድኖ ይቆያል። ድሮ ትኩስ ትኩሱን ይዤ ነበር የምሮጥ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። ሦስቱን ዙር ሆን ብዬ በተለያየ ሆድ ሠራኋቸው፤ አንዱን በጾሙ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት፣ አንዱን በጾሙ በልቼ፣ ሦስተኛውን በፋሲካ ማግስት ዶሮዬን ጠግቤ። አፍንጫዬ በየጊዜው ጨምሪ፣ ተዪ ይለኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

በልደታ ዋዜማ ሦስቱንም ይዤ ሄድሁ። ማዳም ሦስት ክፍል አዘግታ በየክፍሉ አንዳንድ ሻማ አበራች። ጥቂት ቆይታ አንደኛው ክፍል ገብታ ወጣች፤ ሁለተኛው ገብታ ወጣች፤ ሦስተኛው ውስጥ ቆየች። ወጥታ እንደገና አንደኛው ገባች። በመጨረሻ ወጣችና፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ሻማ ያንቺ ነው አለችኝ። እጇን ልስም ጎንበስ ብል ከለከለችኝ፤ ወደ ሰፈሬ ስመለስ ዘሃራን ግን ጉንጯን ስሜ ስሜ አሰለቸኋት።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ስልሳ ሻማ አስረክባለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የመቂ ነጋዴ ሆቴሉ አድሮ፣ ሽታውን ወዶት፣ ለእኔም ሥሪልኝ ሊለኝ ቤቴን ጠይቆ መጣ። አባቴ፣ ኮርቻለሁ። ኩራት ኃጢአት ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ዛሬ ግን ይፍቀዱልኝና ልኩራ።

ስለዚህ አልመለስም። ቃልዎን ማፍረሴ አይደለም፤ ራስሽን ካልቻልሽ ነበር ያሉኝ፣ ችያለሁ። በዚህ ደብዳቤ አድራሽ እጅ አርባ ጧፍ ልኬያለሁ። ምንም ሽታ አልጨመርሁበትም፤ ለመቅደስ ነውና እርስዎ እንዳስተማሩኝ ፈትሉን ራሴ ፈትዬ ራሴ ሠራሁት። መዓዛው የሰሙ ብቻ ነው።

ሙሉብርሃንን ሰላም ይበሉልኝ፤ ቀፎ ሰቅሎ ከሆነ ሰሙን ለማንም አይስጥብኝ። ሚስቱንና ልጆቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። አቶ አብተውን ክፉ ሰው አይደሉምና እንዳያፍሩ፣ እርስዎ በመረጡት ቃል ሰላም ይበሉልኝ። አረጋሽም የአያቶቿን ጉልበት ትስማለች። እማማ ይህ ሲነበብላት፣ አልመለስም የሚለው ላይ ሲደርሱ ማልቀሷ አይቀርም። ያን ጊዜ ማንበቡን ያቁሙና እጇን ይዘው፣ ልጅሽ የቀረችው ቸግሯት አይደለም፣ ሥራ ይዟት ነው ይበሉልኝ።

ልጅዎ ዘመናይ ሐዲስ

አዳማ፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት።