የእናትሽን እጅ ያስቆመው ዘፈን

ኢሪ፣ ፔንስልቫኒያ
ኖቬምበር 14 ቀን 1978

ለልጄ ለሮዛሊን፣

እንዴት ሰነበትሽ? ኦሪገን ዝናብ ነው ይላሉ። እዚህ በረዶው ጀምሯል፤ ትናንት መኪናዬን በአካፋ ቆፍሬ ነው ያወጣኋት። ስድስት ዓመት ተኳርፈን ስለ አየር ጠባይ ስጽፍልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ፤ ብቻ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ አትቅደጂው።

እናትሽ እንደዚያው ናት። በኦገስት አንጎሏ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ቃል አልወጣትም። የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተኝታ በግራ እጇ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ስትዳብስ ትውላለች፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። ቬልማ የምትባል ነርስ አለች። "ሚስተር ኖቪትስኪ፣ ኧረ እርስዎም ትንሽ ያልቅሱ፤ ይቀልልዎታል" ትለኛለች። እንባው አልመጣ አለኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ደንዝዣለሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

እዚያ ክፍል ጣሪያው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የሚንቆረቆረው ደግሞ የምሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ታውቂዋለሽ፤ ጥርስ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ አሳንሰር ውስጥ የሚሰማው። ቫዮሊን በቫዮሊን ላይ። መለከት ከጮኸ አይገባም፤ ዘፋኝ በሩብ ሰዓት አንዴ ብቻ፣ ያውም የማይረብሽ። ሃያ ዓመት ደመወዝ የበላሁት ሰው ልብ የማይለውን ዘፈን እየመረጥኩ ነው።

መፈተኛዬ እናትሽ እንደነበረች ታስታውሻለሽ። አዲስ ቴፕ ሲመጣ ወጥ ቤት ውስጥ እከፍተውና እጇን አያለሁ። ሥራዋን ከቀጠለች ዘፈኑ ያልፋል፤ እጇ ከቆመ ይወድቃል። ስንት ሰከንድ እንደቆመ የዘፈኑ መመዝገቢያ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸኝ ሚስት ብለህ ነው የላቦራቶሪ አይጥ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት አንቺ የዘፈንሽበት ቴፕ የመጣ ዕለት ድንች እየላጠች ነበር። ያኔ "እናትሽ እንኳ ልብ አላለችውም" ብዬ ጻፍኩልሽ። ውሸት ነው፣ ሮዛሊን። ገና አፍሽን ስትከፍቺ ቢላዋው ቆመ። ቧንቧው እየፈሰሰ ውሃው ወለሉን ሲያጥለቀልቅ አላየችም። ሲያልቅ፣ "ክሌም፣ ይህንን ካላጫወታችሁ ምኑን ሬዲዮ ሆናችሁት?" አለችኝ። እኔ ደንብ ደንብ ነው አልኳት። ላንቺ የዋሸሁት ተስፋ ቆርጠሽ፣ ዘፈኑን ትተሽ ቤት ትመለሺ መስሎኝ ነው።

እሷ ምን ብዬ እንደጻፍኩልሽ አታውቅም። እንዳይከፋሽ ብላም ስለ ዘፈኑ በደብዳቤዋ አንስታ አታውቅም። ገና በመጣ ቁጥር በሁለት መስመር ስትመልሺላት፣ "ምን በድያት ነው?" ትለኝ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ ሾርባዬን እጠጣለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ትናንት ግን ቴፕሽን በሁለት ቫዮሊኖች መሃል ሰክቼ ለጣቢያው ተረኛ አጫዋች ሰጠሁትና ወደ መጦሪያው ነዳሁ። ከምሳ በኋላ ድምፅሽ ከጣሪያው መጣ። ቬልማ ትሪዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። የእናትሽ እጅ ቆመ። ሰዓቴን አላየሁም። ዘፈንሽ አልቆ ቫዮሊኖቹ ሲመለሱ እጇም ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ።

ማታ አለቃዬ ሀግስትሮም ደወለ።

"ክሌም፣ አብደሃል እንዴ? አራት ሰው ደውሎ 'ይህቺ ማን ናት?' አለኝ። እስከ ዛሬ እዚህ ጣቢያ ደውሎ ስለ ዘፈን የጠየቀ ሰው አለ?"

"ልጄ ናት" አልኩት።

"ጠዋት ቢሮዬ እንገናኝ" ብሎ ዘጋው።

ከዚህ በኋላ ቴፑን እንደማያስነኩኝ ዛሬ ነግሮኛል። ሐኪሙ ደግሞ እናትሽ ለገና መድረሷን ይጠራጠራል። እና አንቺ ራስሽ ነይ። እኔን ማናገር የለብሽም፤ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ድምፅሽን ይጠብቅልሽ።

አባትሽ ክሌመንት

ረስቼው፦ ቴፕሽ የመጣ ዕለት የሞላሁትን ካርድ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከላይ "አይሆንም" የሚለውን እለፊው። ከታች፣ ሰከንዱ የሚሞላበት ቦታ ላይ፣ "እስከ መጨረሻው" ይላል።