የእማዬ የክርስትና ስም

ለውድ እኅቴ ለእትዬ የሻረግ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልሽ ወይስ ዛሬም ሊፍቱ እስኪሠራ ታች ቁጭ ብለሽ ከጎረቤት ጋር ስታወሪ ነው የምትውዪው? አባባስ እንዴት ሰነበቱልኝ? ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ሹክሹክታ እንደማያመልጠው አውቃለሁ። ይስሐቅ የወገቡ ነገር ተሻለው? ልጅሽ ልዕልትስ ውትድርናውን ጨርሳ ቤት ገባች? ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ያድርግልኝ። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ ገና በግንቦት መሪ አላስጨብጥ ብሏል፤ እኔ እንደ ወትሮው ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ቱሪስት አመላልሳለሁ፤ ጽጌወይን ጤነኛ ናት፤ ልጃችን ትህትናም ሰመርሊን ሰፈር ያለውን የቢሮ ሥራዋን ወዳዋለች። ደህና ነን ስልሽ ግን አካላችንን ነው። የኔ ውስጤ ደህና አይደለም።

የዛሬ ሳምንት ስትደውዪልኝ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ቻይናታውን አንድ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ባሱን ፓርክ አድርጌ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነበር፤ ድምፅሽም አጠገቤ የተቀመጥሽ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በሱዳን መንገድ የቀሩት ወገኖቻችን በሚታሰቡበት ቀን የእማዬም ስም እንዲነበብ፣ መታሰቢያውን የሚያዘጋጁት ልጆች የስደተኛ ካምፑን የሟቾች መዝገብ አገላብጠው አመለወርቅ የምትባል ሴት አጡ አልሽኝ። ማን ቀበራት፣ ምስክርስ አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። በዚህ ጊዜ ነው ኔትወርኩ የተበላሸው። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በስልክ እንደ ሕፃን ሲዋሽ አስቢው።

ለአንቺና ለአባባ ከአሜሪካ በጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ እማዬን የቀበሯት የእኛ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ቄሳችን ጸልየውላታል፣ ፊቷም ወደ ኢየሩሳሌም ነበር ብዬ ነበር። ያን ደብዳቤ አባባ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ ብለሽኛል። ሚስቴ በወገኖቿ እጅ ነው አፈር የቀመሰችው እያሉ ለሰው ሲናገሩም ሰምቻለሁ። እትዬ፣ በደብዳቤው ውስጥ እውነቱ መሞቷ ብቻ ነው።

እናንተን ከሱዳኑ ካምፕ ወደ ኢየሩሳሌም ሊያሻግሯችሁ በጭነት መኪና ሰው ሳይሰማ ሲወስዷችሁ፣ ሕመምተኛ አይጫንም ተብሎ እማዬ ቀረች፤ እኔም አስታማሚ ሆኜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቂም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ጎጆ የፈላሻ ነው ተብሎ ይለይ ነበር፤ የተለየም ይደበደባል። እማዬ ደግሞ ብትሞት በሰንበት እሳት አትነካም። ከወገራ አብረውን የተሰደዱት ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እማማ ገንዘቤ ነበሩ የደረሱልን። በየቅዳሜው እህል ልቆላ ነው ብለው ይመጡና የእኛን ምድጃ ያጨሱት ነበር። እማዬ ጀርባዋን ለእሳቱ ሰጥታ ትተኛለች። ለኔም አንገቴ ላይ ማተብ ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አምና እዚሁ ላስ ቬጋስ እስኪያርፉ ድረስ ምስጢራችን ከአፋቸው አልወጣም።

እማዬ ነሐሴ ውስጥ ሐሙስ ቀን ከቀትር በኋላ አረፈች። ወዲያው ከወገኖቻችን አንድ ሽማግሌ ወደ ጎጆአችን መጡ። ግራ ቀኝ ገላምጠው፣ ልጄ፣ እናትህ የእኛ ናት አይደል፣ ጀምበር ሳትጠልቅ እንቅበራት አሉኝ። እኔ አይደለችም አልኳቸው። ሰውዬው ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸውን ዓይናቸው ላይ አይቻለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ፈርቼ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ተለይቶ ተደብድቦ ነበርና ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እማማ ገንዘቤ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ሲመዘገቡ እኔንም ልጄ ነው ብለው አስገብተውኝ ነበር። ማንነቴ ከታወቀ ስሜ የሚሰረዝ መሰለኝ። እናቴ ተገንዛ እንኳ ሳታበቃ እኔ አሜሪካን አስብ ነበር። አባባ ወንድይራድ ብለው ስም ሲያወጡልኝ ወንድ ሁሉ እንዲርድልኝ ነበር፤ የራድኩት እኔ ነኝ።

የክርስቲያኖቹ ቄስ ፍትሐት ሊፈቱ መጡና የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። እኛ ቤት የክርስትና ስም ምን እንደሆነ ማን ነግሮን ያውቃል? ካምፑ ውስጥ ሲጠራ የሰማሁት አንድ ስም ትዝ አለኝና ወልደ ማርያም አልኩ። ወልደ የወንድ፣ ወለተ የሴት መሆኑን መች አውቄ! ቄሱ አፍጥጠው አዩኝ። እማማ ገንዘቤ ቶሎ ብለው፣ ወለተ ማርያም ማለቱ ነው አባ፣ ሐዘን ነው አፉን ያሳተው አሉ። ቄሱ ይህን ተቀብለው ፍትሐቱን ጀመሩ። አጠገባቸው የቆመው የክሊኒኩ ጸሐፊ ግን እኔ እንዳልኩት ጽፎ ጨርሶ ነበር። አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበርና ማንበብ እችላለሁ፤ ወልደ ማርያም፣ ወንድ፣ ዕድሜ አርባ ይላል። ተሳስተሃል ልለው አፌን ከፈትኩና ደግሞ ጥያቄ እንዳያመጣብኝ መልሼ ዘጋሁት።

የሌላ እምነት ሰው እጅ የነካውን ውሃ ሳትጠጣ የኖረችውን ሴት በመስቀል ባርከው ቀበሯት። እኔም ሬሳ የነካ ሰው በእኛ ሥርዓት ሰባት ቀን ተለይቶ መቀመጥ እንዳለበት ጠፍቶኝ አይደለም፤ በማግስቱ ከሰው ጋር ገበታ ቀርቤ በላሁ።

ለአንቺ ከመጻፌ በፊት ለጽጌወይን መንገር ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር እናቴ ሱዳን ሞተች ከማለት በቀር ምንም አልነገርኳትም። አንቺንም ሥራ ፍለጋ ኢየሩሳሌም የገባች እኅት ናት ብያት ነው የኖርኩት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነገርኳት። ጋራዡ ውስጥ ሞተሩን ሳጠፋ፣ አይሁድ መሆንህ አይደለም ያስከፋኝ፣ በየዓመቱ የእናቴን ሙት ዓመት ከኔ ጋር ስታወጣ የራስህን እናት አንድ ቀን አለማንሳትህ ነው አለችኝ። ቀጥላም ስሟ ማን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አመለወርቅ አልኳት። ይኸውልሽ፣ የእማዬ ስም በቤቴ ውስጥ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነው። እንዳፈርኩ ብነግርሽ ቃሉ ያንሳል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስለዚህ እትዬ፣ መዝገቡ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል አትፈልጊያት። የነሐሴን ገጽ አውጡና ከወንዶቹ ተርታ ወልደ ማርያም የሚለውን እዩ። እሷ ናት። ልጆቹ ምስክር ከጠየቁ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ በቪዲዮ ተናገር ካሉኝም ፊቴን ሳልሸፍን እናገራለሁ። መታሰቢያው ሁለት ሳምንት ነው የቀረውና በእውነተኛ ስሟ እንድትጠራ አድርጉልኝ። ፖስታ ስለሚዘገይ ደብዳቤውን ትህትና በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ፊደሉን ስለማትለይ ምን እንደላከች አታውቅም፤ እሷም ከኔው አፍ ትሰማዋለች። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ይስሐቅን ሰላም በዪልኝ፤ ወገቡን ይጠንቀቅ። ልዕልትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያቷን ሳታውቅ በማደጓ የኔም እጅ እንዳለበት ሳትደብቂ ንገሪያት። ጽጌወይን ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ለእማዬ ሻማ የምታበሪ ከሆነ አንዱን በኔ ስም አብሪልኝ ብላሻለች።

ለአባባ ግን ሰላምታዬን አታስቀድሚ። መጀመሪያ ይህን ሁሉ ቀስ ብለሽ፣ አንድም መስመር ሳትዘዪ አንብቢላቸው። ከሰሙ በኋላ ሰላምታዬን ከወደዱ ጉልበታቸውን ስመሽ ስጪልኝ። የእኔ ልጅ አይደለም ካሉም ዝም በያቸው፤ አይደለችም የሚለውን ቃል የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ወንድይራድ
ላስ ቬጋስ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.