በቀኙ ገጽ የተጻፈው

ጎንደር፣ ፀዳ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጸሎት፣

እንዴት ሰንብተሻል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የላክሽው ሹራብና የጉልበት ቅባት ደርሶኛል። ሹራቡ ሸጋ ነው፤ እጅጌው ግን ይረዝማል። ቁመቴን ረስተሽዋል ማለት ነው። ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ የስልክ ጽሑፍ ስለማልወድ ብቻ አይደለም፤ ከደብዳቤው ጋር አብሮ የሚደርስሽ ዕቃ አለ። ስማቸው የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ አገር ስለሚሄድ በእጁ አስይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ወር ወይንሸት ልትጠይቀኝ መጣች። ደጋ ላይ ሳለን እጇን ይዤ ማዋለድ ያስተማርኋት ልጅ ዛሬ እዚህ ጎንደር የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ መሆኗን ታውቂያለሽ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ስለ እርሷ እንደምታውቂ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። ከቦርሳዋ አንድ ጥናት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። አዲስ የተወለደ ሕፃን እስከ ማግሥቱ ሳይታጠብ፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ቢቆይ ይሻለዋል የሚል ነው። ከየት አመጣሽው ስላት «ጸሎት ናት የላከችልኝ፣ ሁለት ዓመት ሆነው» አለችኝ። ዳር ዳሩ ላይ በእጅ የተጻፈውን ማስታወሻ አየሁት። «ሀ»ን ወደ ግራ የማዝመም ልማድሽ አሁንም አልተወሽም።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጸሎት። ለወይንሸት ጥናት፣ ለእኔ የጉልበት ቅባት። እንግሊዝኛ አንባቢ መሆኔን የምታውቂ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በጣትሽ አሸዋ ላይ ያስጻፍሁሽ እኔ ነኝ፣ ወይንሸት አይደለችም።

የመጣችበት ጉዳይ ይህ ነው። የሆስፒታሏ አለቃ ጥናቱን አንብቦ «ይህ የሰው አገር ማስረጃ ነው። የእኛ እናቶች ያልታጠበ ልጅ አይታቀፉም። እዚህ ደጋችን ላይ ልጅ ታጥቦ እንደሚበርደው በምን አወቅሽ?» ብሏታል። እርሷም የእኔን መዝገቦች አስታወሰች። የሠራሁበት ጤና ጣቢያ አዲስ ሕንፃ ሲሠራለት አሮጌ መዝገብ ሁሉ ሊቃጠል ነበርና የደረስሁባቸውን አሥራ ሁለት የወሊድ መዝገቦች ጭኜ ቤቴ አምጥቼ ሣጥን ውስጥ አኑሬያቸው እንደ ነበር ታውቃለች።

«እትዬ፣ እንደ እርስዎ አሟልቶ የጻፈ ሰው በአገሩ የለም» አለችኝ።

አይጥ በልቷቸዋል አልኋት። በሰባ ሦስት ዓመቴ ዋሸሁ። የአንቺ ጥናት ከእኔ መዝገብ ጋር በእርሷ እጅ እንዲገናኝ አልፈለግሁም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እርሷ አልተቀየመችም። ክፍሉን መጥተው ይዩልኝ ብላ ለመነችኝ፤ ሄድሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሄድሁት ስሕተት ልፈልግ ነው። አገኘሁም፤ የአንሶላዎቹ ማዕዘን እኛ እንደ ተማርነው አልታጠፈም፣ የአንዷ ነርስ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ነው። ነገር ግን በሩን እንዳለፍን ከየአልጋው «ወይንዬ»፣ «እቴ ወይንሸት» የሚል ድምፅ ተነሣ። በእኔ ጊዜ ስገባ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ያን ጊዜ ጸጥታውን ክብር ነው እል ነበር።

ከቆላ ድባ የመጣች አንዲት ወላድ ሕፃኗን በባዶ ደረቷ ላይ አስተኝታ ጋቢ ደርባለች። አብሮት የተወለደው ነጭ ቅባት ገና ከጀርባው አልለቀቀም። ምነው ይህ ልጅ ሳይታጠብ፣ አልኋት።

«ነገ ይታጠባል፣ እማማ። አሁን እየሞቀ ነው» አለች። ቀጥላም እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ብርድ ገብቶዎት ከሆነ እርስዎም ተጠግተው ይሙቁ» አለችኝ። ነርሶቹ ሳቁ። ወይንሸት አልሳቀችም፤ አለመሳቋ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እጄን ጋቢው ውስጥ ሰድጄ የልጁን እግር ነካሁት። እንደ እናቱ ደረት ይሞቅ ነበር። የእኔ ልጆች እግር እንዲህ ሞቆ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሣጥኑን ከፈትሁ። የከፈትሁት ሁለታችሁም መሳሳታችሁን ላሳይ ነው።

መዝገቤን ታስታውሺዋለሽ። በግራው ገጽ ሕፃኑ ከመታጠቡ በፊት ያለው ሙቀት፣ በቀኙ ገጽ ከታጠበ በኋላ ያለው። መምህራችን እንዲህ አስመራ ነበር ያስተማረችን፤ መጥታ ስትመረምር ደግሞ የምትፈልገው ባዶ ቦታ ነበር። አንድ ባዶ ካገኘች በሁሉ ፊት ታስቆመናለች። እኔን አንድም ቀን አስቁማኝ አታውቅም። ሁለቱን ገጾች አስተያይቶ ማንበብን ግን ማንም አላዘዘኝም፤ እኔም ራሴን አላዘዝሁም። ሃያ ሰባት ዓመት መዝገቡን ሞላሁ እንጂ አላነበብሁም።

ሦስት ቀን ተቀምጬ አነበብሁ። የ1979ን ብቻ ልንገርሽ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሕፃናት በእጄ ታጥበዋል፤ ውሃው በክርኔ የተለካ፣ ፎጣው የታጠነ። ከእነርሱ መቶ ሠላሳ ዘጠኙ በግራው ገጽ ደህና ናቸው፣ በቀኙ ገጽ ከሠላሳ ስድስት በታች ወርደዋል። የክረምቱን ወራት ብትነጥይ ይብሳል። ሁሉም በእኔ ጽሕፈት ነው፣ ጥርት ብሎ ይነበባል።

በ1994 ለልምምድ ወደ እኔ ተልከሽ ሳለ «እማ፣ ይህ ልጅ ከንፈሩ እየጠቆረ ነው፣ ውሃው ይቅርበት» ብለሽኝ ነበር። ፎጣውን ከእጅሽ ቀማሁና በወላዶቹ ፊት ኮሪደሩን ጥረጊ ብዬ አስወጣሁሽ። ጠረግሽው፤ ማዕዘኑ ሳይቀር አጽድተሽ ጠረግሽው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራሽ አንድ ነገር ነግረሽኝ አታውቂም። ጥናቱ በእኔ በር ለምን እንዳላለፈ የማይገባኝ ሴት አይደለሁም።

መዝገቦቹን በባጃጅ ጭኜ ለወይንሸት ወሰድሁላት። አይጡስ አላለችኝም፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ቆጥራ ስትጨርስ ግን «አሥራ አንድ ናቸው፤ የ1971ስ?» አለች። እርሱንስ በእውነት አይጥ በልቶታል አልኋት። አየችኝና አሥራ አንዱን አንሥታ መደርደሪያው ላይ ደረደረች። እንዲህ ማለፍንም ከእኔ አልተማረችም።

አለቃው የራሳችንን አገር ቁጥር ሲያይ ተረታ። ከዚህ ወር ጀምሮ በዚያ ክፍል ከማግሥቱ በፊት የሚታጠብ ልጅ የለም። ለነርሶቹ ስትነግራቸው እኔን አስነሥታ «ማስረጃው የእሳቸው ነው» አለች፤ አጨበጨቡልኝ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አንቺ የምትቀመጪበት ነው እያልሁ አየሁት።

ስማቸው የሚሰጥሽ በነጠላ የተጠቀለለው ዕቃ የ1971 መዝገብ ነው። ሐምሌ 3ን ፈልጊ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት። የእናት ስም አልተጻፈም፤ ጽሕፈቱ ግን የእኔ ነው፣ እጄ ስለደከመ ከመስመሩ ትንሽ ወርዷል። ወንድምሽ ነው። እግዚአብሔር ወሰደው ብቻ ብዬ ነው የነገርሁሽ፤ እርሱም ውሸት አይደለም። ሌላ ሰው በደንብ አያጥብልኝም ብዬ ከአልጋዬ ተነሥቼ ራሴ አጠብሁት። በግራው ገጽ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት ይላል። በቀኙ ገጽ «የቴርሞሜትሩ ሜርኩሪ ከሠላሳ አምስት መስመር አልደረሰም» ብዬ ጽፌአለሁ። ከእርሱ ቀጥሎ ሕፃኑ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ በሕይወት መኖር አለመኖሩ የሚጻፍበት ቦታ አለ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ባዶ የተውሁት እርሱን ብቻ ነው።

አንቺ ሙይው። ሞልተሽ ስታበቂ ለወይንሸት ይሰጣት ካልሽ ይሰጣታል፤ የሚገባበት ቦታም እዚያው ከአሥራ አንዱ ጋር ነው። ነገር ግን ያነበብሽውን ለእርሷ ከመንገርሽ በፊት ለእኔ ጻፊልኝ። ቢያንስ ይህን አንዱን እኔ ልቅደም።

ማርያም በእጅሽ ላይ ትሁን፤ የምታዋልጃቸው ሁሉ ሙቀት ይዘው ይደጉ። የሹራቡን እጅጌ አሳጥሬዋለሁ፤ አሁን ልክ ሆኗል።

እናትሽ
አባይነሽ