ለተሻገር የተያዘው ወንበር

ውድ የእህቴ ልጅ ሳዲያ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የጠመኔው ብናኝ ደረትሽን ተወው ወይስ አሁንም እያሳለሽ ነው የምታስተምሪው? እናትሽ እታለም ጉልበቷን እያሸች ሰፈሩን እንደ ድሮው ታስተዳድራለች? ወንድምሽ መርዋንስ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር እራት መተዉን አላቆመም? እኔ፣ ባለቤቴ ነጃትና ልጃችን ሐፍሳ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰላምታው በዛ አትበይኝ፤ ደብዳቤ ላይ ቀይ መብራት የለም። ምን ማለቴ እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

በዚያ ማክሰኞ ሰፈራችን ውስጥ የተገደሉብንን የዘጠኝ ሰዎች ስም ጽፈሽ «አዳራሹ ውስጥ አንብብልን» ብለሽ አደራ ሰጥተሽኝ ነበር። እማማ አሰለፈችም በስልክ «የልጄን የተሻገርን ስም እዚያ ትልልቆቹ ሰዎች ፊት ጥራልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም» ብለውኛል። ጉባኤው ሰላማዊ ሰዎችን ከጅምላ ጭፍጨፋ ስለመጠበቅ የሚመክር ነው፤ የተደረገውም እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ፣ እኔ በምሠራበት ሆቴል ነው። ስለዚህ አጎትሽ ሁለት ሥልጣን ነበረው፤ ጠዋት ወንበር ደርዳሪ፣ ረፋዱ ላይ ምስክር።

ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እየቀዳሁ ሰማኋቸው። «አሳስቦናል» እንበል ወይስ «በእጅጉ አሳስቦናል» በሚለው ሲከራከሩ አራት ጆግ ውሃ ጨረሱ። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም። አንዱ በሳተላይት ፎቶ ላይ የተቃጠሉ ጣራዎችን አንድ በአንድ እየቆጠረ ሲያሳይ፣ ጆጉን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ለሟች ቤተሰቦች የተሰጠው ጊዜ በነፍስ ወከፍ ሦስት ደቂቃ ነው። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እያበራ ጊዜውን የሚቆጥር ትንሽ መብራት አለ። አለቃዬ በፍቃዱ ከሥራ አሥር ደቂቃ ፈቀደልኝና በአስተናጋጅ ሰደርያዬ ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። ነጃት ጠዋት ስወጣ «ቀጥታ ወደ ስሞቹ ግባ» ብላኝ ነበር። ግን ሰው ፊት ቆሞ ሰላም ሳይሉ ሞት ማውራት እንዴት ይሆንልኛል? መድረክ ላይ ያሉትን ሰባት ሰዎች አንድ በአንድ እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው አልኳቸው። አንደኛው የዋህ ሰው ነው፣ ሚስቱ ቀዶ ጥገና እንዳደረገች ነገረኝ። አላህ ይማራት ሳልል ልለፍ? ቀጥሎ ዞር ብዬ ከኋላዬ የተቀመጡትን ጀርባዬን ስለሰጠኋችሁ ይቅርታ አልኩ። «ምንም አይደል» የሚል ጠፋ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩላቸው።

ፊቴን ወደ መድረኩ ስመልስ ቢጫው በርቷል። ሦስት ስም እንዳነበብኩ ቀይ ሆነ። አስፐን ሂል መንገድ ላይ መኪና ስነዳ ቀይ መብራት ጥሼ ከተቀጣሁ ወዲህ ቀይ ሳይ መላ ሰውነቴ ፍሬን ይይዛል፤ አፌም ያዘ። ሰብሳቢዋ፣ አንዲት ሽበታም ቀጭን ሴት፣ በትሕትና አመሰገነችኝና ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ስድስት ስም ኪሴ ውስጥ ቀረ። ተሻገርን አንቺ መጨረሻ ላይ ነበር የጻፍሽው።

ሳዲያ፣ ያን ጊዜ እኔም አልሳቅሁ። እማማ አሰለፈች ስልካቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። ምን ልበላቸው? ልጅዎን ሰላምታዬ በላብዎት?

ምሳ ጠረጴዛው ላይ የእንግዳው ስም የሚጻፍበት የታጠፈ ነጭ ካርድ ይቀመጣል። ያን የሚደረድረው አጎትሽ ነው። የስድስት እንግዶችን ካርድ ኪሴ ከተትኩና በምትኩ የስድስቱን ሟቾች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አሳምሬ ጽፌ ወንበር ያዝኩላቸው። ተሻገርን ከሰብሳቢዋ በስተቀኝ አደረግኩት። የዚህ አገር ሰው የሌላ ሰው ስም ያለበት ወንበር ላይ ቢገድሉት አይቀመጥም፤ ስድስት የተከበሩ ሰዎች ሳህን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በፍቃዱን ላብ አጠመቀው። «አንተ ሀቢብ፣ እነዚህ ሰዎች የት አሉ?» አለኝ። አይመጡም አልኩት። «ታዲያ ካርዱን አንሳዋ!» አለኝ። አንተ አንሳው አልኩት። ጎንበስ ብሎ ስሙን አነበበ። ያገራችን ልጅ አይደል፣ ገባው፤ እጁን ሰበሰበ።

ሰብሳቢዋ አጠገቧ ያለውን ካርድ እያየች አቶ ተሻገር ይዘገያሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጥቁር ሱሪዬን ታስታውሺዋለሽ? ተሻገር የሰፋልኝ፣ የግራ እግሩ አጥሮ ካልሲዬን የሚያሳይብኝ፣ በየስልኩ ስወቅሰው የኖርኩበት። ለሥራ የምለብሰው እሱን ነው። እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁና አይመጣም፣ ይህን የሰፋው እሱ ነው፣ ጠዋት መብራቱ የቀደመው ዘጠነኛው ስም ነው አልኳት። መጀመሪያ ካልሲዬን አይታ ሳቀች። ከዚያ ካርዱን አየች፤ ሹካዋንም አላነሳችም።

ከምሳ በኋላ ስብሰባው ሳይቀጥል አስጠራችኝ። መብራቱን በናፕኪን ሸፈነችው። ስድስቱን ስም አንቺ እንደጻፍሽው ከነሥራቸው አነበብኩ። ሰላም አላልኩም። አሁን ዘጠኙም መዝገብ ላይ ገብተዋል። ወደ እናንተ ታዛቢ ስለመላክም እንወስናለን ብለዋል። ይወስናሉ ወይስ በእጅጉ ያሳስባቸዋል፣ አላውቅም፤ አልዋሽሽም።

በፍቃዱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ስከፍተው የተሻገር ካርድ ውስጡ አለ። ካርዱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ለእማማ አሰለፈች በእጃቸው ስጫቸው። ስሙ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተጠርቷል፣ ወንበርም ተይዞለት ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም በያቸው።

እታለምን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ግን የማያማትን። መርዋንን ኳሱ ቢሸነፍም እራቱ ምን አጠፋ በይልኝ። እማማ አሰለፈችን እጅ ነስቻለሁ። ሐፍሳ በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ሰላም ብላችኋለች፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ግማሽ ገጽ ስለወጣው ተውኩት። ነጃትንም ናፍቃችኋታል። ትናንት የሱሪውን እግር ላስተካክልልህ ብላ መቀስና መርፌ ይዛ መጥታ ነበር። አልሰጠኋትም።

አጎትሽ ሀቢብ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.