ለሳምንት የሚበቃ ቁንዶ በርበሬ

ጥቅምት 6
ሱቁን በጊዜ ከፈትኩ። አስመጪው አንድ ጆንያ ቁንዶ በርበሬ ልኳል። እንደ ልማዴ አንድ እፍኝ ዘግኜ ውኃ ውስጥ ጣልኩ። ደህናው ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። ሲሶው ተንሳፈፈ! መለስኩለት። ስልክ ደውሎ ተነጫነጨ።
«አባባ፣ ዘንድሮ የዓለም ቁንዶ በርበሬ እንዲህ ነው። ድርቅ ነው።»
«እንግዲያው ዓለም ይብላው» ብዬ ዘጋሁበት።
ሰፈሩ ችኮ ይለኛል። ይበል።

ጥቅምት 9
ልጄ ዛሬ ደፍራ ተናገረች። ቅመም እያሸገ የሚሸጠው ፋብሪካ ሥራ ልስጥሽ ብሏታል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል።
«መፍጫ እናስገባና እቀራለሁ፣ አባዬ። ሰው ጥሬውን መግዛት ትቷል። አሁን ማን ቤት ሙቀጫ አለ?»
«ከዚህ ሱቅ የተፈጨ አይወጣም።»
«ለምን?»
ለምን ትላለች! የተፈጨ ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያያል? ገለባ ይሁን፣ የፓፓያ ፍሬ ይሁን… ሽታውስ? ከተፈጨ በወሩ የት ይገኛል? የእኔን ምላስ የሚያታልል ገና አልተወለደም።
ጨርቅ አንስታ ሚዛኑን ትወለውል ጀመር። እናቷም ስትናደድ እንዲህ ነበረች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 13
ሬዲዮው ስለ ቁንዶ በርበሬ አወራ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰማሁ። ባሕር ማዶ ያሉት ገበሬዎች ዋጋው የወደቀ ጊዜ የቁንዶ በርበሬውን ሐረግ ነቅለው ቡና ተከሉ። የተረፈውን ድርቅ መታው። በላተኛው ግን በየዓመቱ ይጨምራል… ያውም የተፈጨ፣ የታሸገ ነው የሚፈልገው። አሁን ሲወደድ መልሰው እየተከሉ ነው። ደህና አድርጎ የሚያፈራው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።
ሦስት ዓመት! በእኔ ዕድሜ? ልጄ ከሄደች ሱቁን ለማን ብዬ ልጠብቀው?

ጥቅምት 17
ጡረተኛዋ ነርስ መጣች። የስንት ዘመን ደንበኛዬ ናት። ጣቶቿ ተቆልምመዋል። ባለፈው የወሰደችውን ቁንዶ በርበሬ እንዳለ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።
«እጄ መውቀጥ እምቢ አለኝ። ፍጭልኝ።»
«አልፈጭም።»
«እንዳንተ ያለ ግትር ያየሁት ተጣሞ የገጠመ አጥንት ብቻ ነው። እሱንም ሰብረን ነበር የምናቃናው!»
ወጥታ ማዶ ካለው ሱቅ ፓኬት ስትገዛ አየኋት። ልጄም አየች።

ጥቅምት 21
ምሳ ሾርባ ነበር። ቁንዶ በርበሬው እንደ ድሮው ያስነጥሳል።
«የተወቀጠ ማለት እንዲህ ነው» አልኳት።
ማንኪያዋን አስቀመጠች።
«አባዬ… ሙቀጫው ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመቱ ነው። በቡና መፍጫው ነው የምፈጭልህ።»
«ሁለት ዓመት ሙሉ?»
«ጥሬውን ውኃ ውስጥ ፈትኜ፣ ልክ ሾርባው ሊወጣ ሲል።»
ሾርባዬን ጨረስኩ። ምላሴ ጉድ ሠራኝ… ልጅቷ እኮ ያስተማርኳትን አልጣለችም። ክንዷን ነው ያሳረፈችው።

ጥቅምት 23
«መፍጫ ግዢ» አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። ሳትፈነድቅ ግን ሕጉን ነገርኳት። ጥሬው ደንበኛው ፊት ውኃ ውስጥ ይፈተናል። እዚያው ፊቱ ይፈጫል። ከሳምንት በላይ የሚበቃ አይፈጭም፣ ንጉሥ ቢመጣም!
«ሰው ይሄን ሁሉ ይታገሣል?»
«ያልታገሠ ማዶ ይሂድ።»
ሳቀች። ፋብሪካውስ? አልጠየቅኳትም። መልሷን ፈራሁ መሰለኝ።

ጥቅምት 26
መፍጫው መጣ። ድምፁ የታመመ ፍየል! ሽታው ግን መንገዱን ተሻገረ። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ፣ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ። ነርሷም መጣች።
«የወር ፍጭልኝ።»
«የሳምንት።»
«በየሳምንቱ ልመላለስ ነው?»
«ተመላለሺ።»
ወደ ልጄ ዞራ «አጥንቱ ትንሽ ተቃንቷል» አለቻት። ሰምቻለሁ።

ጥቅምት 30
ልጄ ጓዳ ገብታ ለፋብሪካው ደወለች። በሩን ዘጋችው። ቆየች። እኔ ያንኑ ባንኮኒ ደጋግሜ እወለውላለሁ…
ወጣች። ሽርጧን አሠረች።
«የመፈተኛው ውኃ ተቀይሯል?»
ሄጄ ቀየርኩ።

ኅዳር 3
አንድ ጎረምሳ የሁለት ወር ፍጭልኝ ቢል አባረርኩት።

ኅዳር 4
ተመልሶ መጣ። የሳምንቱን ወሰደ።

ኅዳር 11
አስመጪው ዛሬ ጆንያውን ራሱ ይዞ መጣ። ሳልጠይቀው አንድ እፍኝ ውኃው ውስጥ ጣለ። የተንሳፈፈው ጥቂት ነው። ተቀበልኩት።
«አዲስ የተተከለው ሲደርስ የመጀመሪያውን ጆንያ ለእኛ ያዝልን» አልኩት።
«አባባ፣ ሦስት ዓመት እኮ ነው!»
«ታዲያስ? እንጠብቃለን።»
ልጄ መፍጫውን አጠፋችና «ምን አልክ፣ አባዬ?» አለች። ሰምታኛለች። አልደገምኩላትም።